ለዘነበች የመጡ ሽማግሌዎች

በሕይወቴ ሽማግሌ ወደ ቤታችን የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለእኔ አልነበረም። የመጡት ዘነበች ለምትባል ሴት ነበር። ዘነበች ደግሞ በዓለም ላይ የለችም፤ እኔ ነኝ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የፈጠርኳት።

ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ እናቴን ጠይቋት። እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

ያኔ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከታታይ ድራማ እጽፍ ነበር። የምኖረው ተወልጄ ባደግኩበት ኮልፌ፣ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ከእናቴ ከወይዘሮ ዘውዴ ጋር ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ድራማዬ ውስጥ ግን ኮልፌ የሚኖር አንድም ሰው አልነበረም። ባለታሪኮቼ በሙሉ የሚኖሩት ደረጃ ያለው ቪላ ውስጥ ነበር። ፕሮዲውሰራችን አቤል «ድራማ ያለ ደረጃ አይሆንም» ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሴትየዋ ስትናደድ ደረጃውን ትወጣለች፤ ሲበርድላት ትወርዳለች። ባልየው ሲጨንቀው ደረጃው ሥር ቆሞ ሽቅብ ያያል። እንግዳ ሲመጣ ጁስ ይቀዳል። እኔ በዕድሜዬ ደረጃ ያለው ቤት ውስጥ ኖሬ አላውቅም፤ ጁስም ቢሆን ካላመመኝ አይገዛልኝም። ግን በየሳምንቱ ደረጃና ጁስ ስጽፍ ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሰው ማናገርም አይሆንልኝም ነበር። ደራሲ ማለት በሩን ዘግቶ የሚያስብ ሰው ይመስለኛል። ውጪ ጎረቤቱ ይጣላል፣ ብየዳ ቤቱ ይንጫጫል፣ የታክሲ ረዳቱ ይጣራል። እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ሰዎች ሲጣሉ ምን ይባባላሉ እያልኩ እጨነቃለሁ።

የድራማው ታሪክ ባጭሩ ይኸውላችሁ። ዘነበችና አስናቀ ባልና ሚስት ናቸው። አስናቀ ዝምተኛ ነው። ለምን ዝም እንዳለ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም፤ ተዋናዩ ዝም ሲል ስለሚያምርበት ነው ዝም ያሰኘሁት። ዘነበች ዝምታው አንገሽግሿት በመጨረሻው ክፍል ሻንጣዋን ይዛ ልትሄድ ነው። ይህንንም የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። ዘነበችን የምትጫወተው ልጅ ሌላ ጣቢያ ላይ ሌላ ድራማ ስለፈረመች አቤል «እንደምንም ብለሽ አሰናብቻት» አለኝ። በመኪና አደጋ ልገላግላት አስቤ ነበር። «አደጋ ወጪው ብዙ ነው፤ ሻንጣ ይሻላል» አለ። እኔም ሻንጣ ጻፍኩ።

ድራማው የሚተላለፈው እሁድ ማታ ነው። ከመጨረሻው አንድ ቀደም ያለው ክፍል በሚታይበት እሁድ፣ ጠዋት፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ እኔ ደግሞ በፒጃማ ሆኜ ዳቦ በሻይ እያማግኩ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። እናቴ በመስኮት አየች። ከዚያ ዞር ብላ በሹክሹክታ ጮኸች። በሹክሹክታ መጮህ የምትችል ሴት እሷ ብቻ ናት።

«ሽማግሌ! ራሄል፣ ሽማግሌ!»

«የምን ሽማግሌ?»

«ሦስት ናቸው! ጋቢ ለብሰዋል! ተነሽ ልበሺ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ!»

«እማ፣ እኔ እኮ ማንም የለኝም።»

«አንቺ ባታውቂው እሱ ያውቅሻል!» አለችና ወደ በሩ በረረች።

ቀሚስ ላጥልቅ ስታገል ሳሎን ገቡ። ፊት የቀደሙት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ከተናገሩ የማይመለሱ፣ ከዘራቸውን እንደ ማይክሮፎን ይዘው የሚናገሩ ሰው። ከኋላቸው ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ሙዘሚል ነበሩ። በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጋጩ እነዚህ ሁለቱ አይለያዩም። ሦስተኛው አባባ ሽፈራው ናቸው። አባባ ሽፈራው ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ግን ለሽምግልና ሦስተኛ ሰው ሲጎድል ቁመናቸው ስለሚያምር ይጠራሉ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ በሞቴ» አለች እናቴ።

ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ይህቺን ቃል እናቴ ስንት ዓመት ጠብቃታለች! ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለው። ፊቷ በራ። እኔ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ፣ ማን ሊሆን ይችላል እያልኩ የማውቃቸውን ወንዶች በሙሉ በሐሳቤ አሰለፍኩ። የድምፅ ባለሙያችን ላይ ስደርስ ደንገጥ አልኩ።

«ጉዳዩ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ «የትዳር ጉዳይ ነው።»

ወጉ ቢሆን እናቴ ቀጠሮ ሰጥታ፣ ዘመድ ላማክር ብላ፣ ሽማግሌዎቹን ሁለት ሦስቴ ማመላለስ ነበረባት። እሷ ግን «እኛ ቀጠሮ የምናበዛ ሰዎች አይደለንም» አለች።

ሐጂ ሙዘሚል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ሰው ሲሳሳት ማየት የማይወዱ አዛኝ ሰው ናቸው። «ወይዘሮ ዘውዴ፣ ትዳሩ የራሄል አይደለም» አሉ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የዘነበች።»

«የትኛዋ ዘነበች?»

«የቴሌቪዥኗ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ጊዜ አባባ ሽፈራው ተራቸው የደረሰ መሰላቸውና በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «ልጁ ጨዋ ነው! ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ!» አሉ።

እናቴ የመጀመሪያዋ ተቀማጭ ሆነች። ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

ሳቄን እየዋጥኩ ወጣሁ፤ ሰላም ብዬ ጉዳዩን ጠየቅሁ። ጉዳዩ ግን ሲነገር ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም።

ጋሽ ሙላትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ታች መንገዱ ላይ ያለው ብየዳ ቤት የእሳቸው ነው፤ የሰፈሩን የብረት በር አብዛኛውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይባላሉ። የእትዬ አስካለ ወንድም ሲሞት ጋሽ ሙላት ለቅሶ አልደረሱም። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ተጥሎ፣ ሀገር ሲገባና ሲወጣ፣ የገዛ ባል አልታየም። እትዬ አስካለ አንድም ቃል ሳይጠይቁ ዝም አሉ። ጋሽ ሙላትም አንድም ቃል ሳይናገሩ ዝም አሉ። እንዲሁ በአንድ ጣሪያ ሥር ተዘጋግተው ዓመት ሊሞላቸው ነው።

«ስንት ጊዜ አስቀመጥናቸው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «እሱ የምለው የለኝም ይላል። እሷ እሱ ካልተናገረ እኔ ምን እላለሁ ትላለች። በቃ እዚያው ላይ ይቆማል።»

«እሁድ ማታ ግን ያወራሉ» አሉ ሐጂ። «ቤቴ አጥሩን ተጠግቶ ስለሆነ እሰማለሁ። ያንቺ ድራማ ሲጀምር ያወራሉ፣ ሲያልቅ ይዘጋሉ።»

«ምን ያወራሉ?»

«ስለ ዘነበችና ስለ አስናቀ። ስለ ሌላ ነገር የለም።»

ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ነቅለው መልሰው ተከሉ። «አስካለ ደግሞ ድራማው እስኪያልቅ ነው የቆየሁት፣ ሲያልቅ ሳንሱሲ እህቴ ጋ እገባለሁ ብላለች። የሚያልቀው በሚቀጥለው እሁድ ነው። ዘነበች ልትሄድ ነው እየተባለም ነው። እሷ ከሄደች አስካለም ሄደች ማለት ነው። ስለዚህ ዘነበችን ከአስናቀ ጋር አስታርቂያት። የመጣነው ለዚህ ነው።»

«ጋሽ ወልዴ፣ አይቻልም እኮ። ዘነበች የምትሆነው ልጅ ሌላ ቦታ ፈርማለች።»

«የት ነው ቤቷ? እሷም ጋ እንሄዳለን።»

ይሄዱ ነበር። ሐጂ ግን አዩኝና «ሰዎቹን ሳታያቸው እምቢ አትበይ» አሉ በለሆሳስ። «ዛሬ ማታ አብረን እንይ። ከዚያ በኋላ የመሰለሽን ጻፊ።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እንዲቀመጡ ብዬ ነው። እነሱም ተቀመጡ። እናቴ ያላትን ሁሉ አቀረበች፤ አቀራረቧ ግን የሰርግ ሳይሆን የተዋሱትን ዕቃ መመለስ ይመስል ነበር። ሲወጡ አባባ ሽፈራው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ለአቤል ደወልኩለት። «ሽማግሌ መጣብኝ» ስለው «ደስ ይላል፣ ለማን?» አለኝ። «ለዘነበች» አልኩት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳቀና «ራሄል፣ የቀረጻው ቀን ተይዟል፤ ዘነበች ትሄዳለች» ብሎ ዘጋው።

ማታ ከሐጂ ሙዘሚል ጋር ወረድን። የእነ ጋሽ ሙላት ቤት ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ያለች ሰፋ ያለች ክፍል ናት። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ተቀበሉን። «ውይ፣ የዘውዴ ልጅ! ግቢ፣ ግቢ። ያንቺኑ ነገር ልናይ ነው» አሉ። ጋሽ ሙላት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በእጃቸው ምትክ ክንዳቸውን ሰጡኝ፤ ብረት ሲሠሩ ውለው እጃቸው ጠቁሮ ነበር።

ያቺን ክፍል እስከ ዛሬ አልረሳትም። እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ አንድ ጥግ ይዘዋል። ጋሽ ሙላት በወዲያኛው ጥግ፣ ከሶፋው ወርደው በርጩማ ላይ። በእትዬ አስካለ አጠገብ አንድ ፔርሙስ፣ በጋሽ ሙላትም አጠገብ አንድ ፔርሙስ። አንድ ቤት ውስጥ፣ ለሁለት ሰው፣ ሁለት ፔርሙስ ሻይ። ሁለቱም የሚያዩት ቴሌቪዥኑን ነው። ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንድ አሮጌ ቡናማ ሻንጣ በገመድ ታስሮ ቆሟል። የእኔ ድራማ ሻንጣ ባዶ ነው፤ ተዋናይዋ በአንድ ጣቷ ነው የምታነሳው። ይኼኛው ሆዱ ተነፍቷል። እሱን ሳይ ጠዋት የዋጥኩት ሳቅ ሁሉ ጠፋ።

ድራማው ጀመረ። ዘነበች ተቆጥታ ደረጃውን ወጣች።

«ትውጣ!» አሉ እትዬ አስካለ ለቴሌቪዥኑ። «ሰው እንዴት ከግድግዳ ጋር ይኖራል?»

ጋሽ ሙላት ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ «ግድግዳ አይደለም። ልቡ ውስጥ ነገር አለ» አሉ።

«ካለው አይናገርም?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ማን ጠይቆት?»

«ጥያቄ ይጠበቃል እንዴ? ያጠፋ ሰው ራሱ ነው የሚናገረው!»

«ማጥፋቱን በምን አወቀች?» አሉ ጋሽ ሙላት።

ሐጂ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። አስናቀ ልቡ ውስጥ ነገር አለው ይላሉ፤ እኔ ምንም ነገር አላስቀመጥኩለትም ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ ጋሽ ሙላት በዚያ ባዶ ሰውዬ ውስጥ ገብተው የራሳቸውን ነገር ሲፈልጉ ከርመዋል። እትዬ አስካለም በዚያች ጁስ ጠጪ አፍ ሲናገሩ ከርመዋል። ደራሲዋ እኔ ነኝ፣ ንግግሩ ግን የእነሱ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ላይ አስናቀ ደረጃው ሥር ቆሞ ሽቅብ አየ። ዘነበች ከላይ ሆና «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው። ሙዚቃው ቆመ። አስናቀ አፉን ከፈተ።

መብራት ጠፋ።

ከየቤቱ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ድራማዬን ያያል ማለት ነው ብዬ፣ ይቅር በሉኝ፣ አንዲት ቅጽበት ኮራሁ። ወዲያው ግን እትዬ አስካለ በጨለማው ውስጥ ጠሩኝ።

«ራሄል! ምን አላት?»

ያልሰማሁ መሰልኩ።

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? ምን ብሎ መለሰላት?»

ምን እንዳለ አውቃለሁ። ምንም አላለም። አፉን ከፍቶ መልሶ ይዘጋዋል፤ እሷም ወደ መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣ ታወጣለች። ይህንን ካልኩ፣ ያ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ሳምንትም አይቆይም። ሐጂ አጠገቤ ሆነው ሳል ሳል አሉ፤ አስታርቂያቸው ማለታቸው ነው። መዋሸት እችል ነበር። በጨለማ ማን ያየኛል? ቃላትም ሞልተውኛል። «ያላንቺ ሕይወቴ ባዶ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ፣ በሁለቱ ፔርሙሶች መካከል አስቀምጬ በሐሳቤ ሳየው አፈርኩ። እዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው የለም።

«ጋሽ ሙላት» አልኩ፣ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏት ነበር?»

ይህን ጠይቄ ዝም አልኩ። ጠይቆ ዝም ማለት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ሐጂ የስልካቸውን መብራት ለማብራት ኪሳቸውን ሲፈትሹ ሰማሁና «ይተዉት፣ ሐጂ» አልኳቸው በቀስታ።

ጋሽ ሙላት «አስናቀን ብሆን ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አስናቀን።»

«አስናቀማ... እንግዲህ አስናቀ ሥራ ሄዶ ነበር።»

«የት?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ወልቂጤ። ድንገት ተጠርቶ፣ ቦታውን ሳይናገር፣ የትምህርት ቤት በር ሊተክል።»

አስናቀ አስመጪና ላኪ ነው፤ በዕድሜው በር ተክሎ አያውቅም። ማናችንም አላረምናቸውም።

«ስልክ የለውም አስናቀ?» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ተቀይሯል።

«ነበረው። የበሩን ቋሚ ሲያቆም ከደረት ኪሱ ወጥቶ ሲሚንቶው ውስጥ ገባበት። እዚያው ደረቀ። ዛሬም እዚያው ነው።»

ሐጂ ሙዘሚል ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሲያፍኑ ሰማሁ። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሥራውን ጨርሶ ሰፈር ሲገባ ነገሩት። ልብሱን ሳይቀይር፣ እንደቆሸሸ፣ አስኮ ለቅሶው ቤት ሄደ። ሲደርስ...» በርጩማው ተንቋቋ። «ስደርስ ልጆቹ ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር።»

አስናቀ እዚህ ላይ ጥሎን ሄደ። ከዚያ በኋላ ስሙን ያነሳው የለም።

«መጥተህ ነበር?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሱቁ ጥግ ቆምኩ። ወንበሩ ተቆልሏል። ሰዉ ወጥቷል። ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ምን ብዬ ነው የምገባው? የት ነበርክ ስትሉኝ ስልኬን ሲሚንቶ በላው ልበል? በወንድምሽ ለቅሶ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? ደግሞ ከእሱ ጋር እንደተኳረፍን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሆነ ብሎ ነው የቀረው ሊባል ነው አልኩ። ተመለስኩ።»

ውጪ ሰው ሻማ ሊገዛ ወደ ሱቅ ሲሮጥ ይሰማል። ከዚያ እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ድንኳኑ ቢፈርስም እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ።»

አለቀሱ። ለወንድማቸው እንደ አዲስ አለቀሱ። ጋሽ ሙላት ከበርጩማቸው ሲነሱ፣ በጨለማው ከአንዱ ፔርሙስ ጋር ሲጋጩ፣ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ሰማሁ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ጉሮሯቸው ላይ የቆመውን ቃል አወጡት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ አስካለ።»

እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ሐጂ እንኳን አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ይሰማ ነበር።

መብራት ሲመጣ ድራማው አልቆ የሠራተኞቹ ስም እያለፈ ነበር። ስሜ በትልቁ መጣ፣ አለፈ። ዞር ብሎ ያየው የለም።

ስንወጣ ሐጂ መንገድ ላይ ቆም አሉና «ታዲያ ዘነበችን አትመልሻትም?» አሉኝ።

አልመለስኳትም። በዚያ ሳምንት ተቀርጻ በሚቀጥለው እሁድ ማታ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «የት ነበርክ?» ትለዋለች፤ አስናቀም ይነግራታል። አቤል «ይሄ ከየት መጣ?» ቢለኝ «ከታች ሰፈር» አልኩት።

ድራማው እንዳለቀ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ናቸው። «ሽማግሌ ረገጥሽ!» አሉኝ። «እሱ አይደለም ያናደደኝ! አስካለ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ሳንሱሲ ሄዳለች! ድራማው እስኪያልቅ እንኳን አልጠበቀችም!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ሁሉ ነገር ተወርቶ፣ ተለቅሶ፣ መልሶ እንዴት? ነው ወይስ እኔ ጨለማ ውስጥ የሰማሁትን አግዝፌው ነው? ደራሲ እኮ ነኝ፤ አላምንም ራሴን። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ በታክሲ ሳንሱሲ ሄድኩ። ምን ልላቸው እንደሆነ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ሁሉ መልሼ ጣልኩት።

የእህትየው ግቢ በር ክፍት ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። መሰላል ላይ ወጥተው የድንኳኑን ብረት የሚያጠብቁት ጋሽ ሙላት ናቸው። ከሥር ሆነው «ወደ ግራ! ጠምሟል እያልኩህ!» የሚሏቸው ደግሞ እትዬ አስካለ።

«ውይ ራሄል! ማን ነገረሽ?» አሉኝ እትዬ አስካለ። «የወንድሜ ሙት ዓመት ነገ ነው። ሙላት ድንኳኑን ካልተከልኩ ብሎ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነን።»

«ሻንጣውስ?»

«የሱንም ልብስ እሱ ውስጥ ጨመርኩት፤ ሌላ ሻንጣ የት አለንና።»

ትንሽ ቆይቼ፣ ሙያዬ ነውና አላስችል ብሎኝ፣ «መጨረሻውን እንዴት አገኛችሁት?» አልኳቸው።

«የቱን መጨረሻ?»

«የድራማውን።»

እትዬ አስካለ ግንባራቸውን መቱ። «አላየነውም እኮ! የት ጊዜ አለን?» ካሉ በኋላ ለጨዋነት ያህል «ታረቁ?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ሳይሰሙ ድንኳኑ ጠመመ ብለው ወደ መሰላሉ ሮጡ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ አንድ ደራሲ ሥራው የተናቀበትን ቀን የሕይወቱ ታላቅ ቀን ነው ቢላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ግን እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ለአቤል አንድ ሌላ ድራማ ጽፌለታለሁ። ደረጃ አልነበረውም፤ ሁለት ፔርሙስ ነበረው። ከዚያ ጭራሽ ዘጋቢ ፊልም ወደ መሥራት ገባሁ። ዛሬ እንጀራዬ ሰው መጠየቅና ዝም ማለት ነው። የጆሮ ማዳመጫውን አሁንም አደርጋለሁ፣ ግን ሰው የሚናገረውን ለመስማት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረቦቼን የሚያስቅ አመልም ይዞኝ ቀርቷል። የምጠይቀው ሰው ነገሩ ጉሮሮው ላይ ሲቆም መብራቱን አጠፋዋለሁ። ካሜራው ጨለማ ይቀርጻል፣ ድምፁ ይገባል። የካሜራ ባለሙያዬ «ዛሬም ጨለማ ልንቀርጽ ነው?» እያለ ያሾፍብኛል። ከጣቢያውም «ምስሉ ጠፍቷል፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ደውለው ያውቃሉ። አልተበላሸም እላቸዋለሁ። እናንተም ቤት የተዘጋጋችሁት ሰው ካለ አንድ ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ ጠይቁት። እኛ ሰፈር አንዳንዴ መብራት ኃይልም ያግዛል።

እናቴ እስከ ዛሬ በሩ በተንኳኳ ቁጥር በመስኮት ታያለች። አባባ ሽፈራውም ባገኙኝ ቁጥር «ልጁ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ደህና ነው እላቸዋለሁ፤ ጨዋ ነው።

የመጀመሪያ ፊልሜን ግን የቀረጽኩት በስልኬ ነው፤ በሙት ዓመቱ ማግስት፣ እዚያው ሳንሱሲ። አጭር ናት፣ የትም አልታየችም። ልጆች ድንኳኑን ያፈርሳሉ። ብረቱ ይታሰራል፣ ወንበሩ ይቆለላል፣ ጭነው ይወጣሉ። ባዶው ግቢ መሀል ጋሽ ሙላት ብቻቸውን ቆመው ቀርተዋል፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስላሉ። እትዬ አስካለ በቤቱ በር ብቅ ይላሉ። ያዩአቸዋል።

«ምን ትቆማለህ?» ይሏቸዋል። «ግባ እንጂ።»

ጋሽ ሙላት ይገባሉ።